ሮስተር ላይ ያልገባችው ዘጠኝ

ዳይሬክተራችን ዘንድሮም ጠራኝና «የዓመቱን ዐበይት ክንውኖች እንደተለመደው አንቺ ነሽ የምትጽፊው» አለኝ። ጅግጅጋ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ የወላጆች ቀን እናከብራለን፤ ያኔ ድንኳኑ ሥር ቆሜ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሠራነው በጎ በጎውን እየመረጥኩ የማነበው እኔ ነኝ። ድምፅሽ ያምራል ይሉኛል። ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጥኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ርዕሱን ጻፍኩ፣ ከዚያ ወዲያ እጄ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ባለቤቴ እንኳ አያውቅም። እንግዲህ ዛሬ ክንውኑ ይቆየኝና ይሄንን ልጻፍ።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ከርሞ በተከፈቱበት ዓመት ነው። ልጆቹ የፊት መሸፈኛውን ከአፋቸው ይልቅ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ጅግጅጋ ሲመደብ ተከትዬው ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ሆም ሩም ነበርኩ። ሆም ሩም ማለት ስም ትጠራለህ፣ ታስታርቃለህ፣ ትቆጣለህ፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ፣ በተለይ ሰኔ ላይ፣ ደግሞ የሁሉንም መምህራን ውጤት ሰብስበህ ሮስተር ትሞላለህ። ሮስተር አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ እንደ ጠረጴዛ ጨርቅ የሚዘረጋ ሰፊ የተሰመረ ወረቀት ነው። በግራ የተማሪዎቹ ስም፣ ወደ ቀኝ የአሥር ትምህርት ውጤት፣ ጫፉ ላይ ድምር፣ አማካይና ደረጃ። ስርዝ ድልዝ የለም። አንዲት ቁጥር ከተበላሸች ወረቀቱ ተቀድዶ እንደ አዲስ ይሞላል። መምህር ሰኔን የሚጠላው ወዶ አይደለም።

በእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ የሚቀጥለውን ዓመት በነፃ ይማራል። አንደኛ ብቻ። ለብዙዎቹ ወላጆች ይሄ የክብር ጉዳይ ነው፤ ለአንዲት ተማሪዬ ግን ክብር ብቻ አልነበረም።

ልጅቱ የቶጎጫሌ ልጅ ነች። እናቷ እዚያ የሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ ትንሽ የልብስ ሱቅ አላቸው፤ አባቷ በሕይወት የሉም። ጅግጅጋ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። ስድስተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ስለጨረሰች ነው ሰባተኛን በነፃ የገባችው። አክስትየው በምዝገባ ቀን ቢሮ በር ላይ ያዘችኝና በዚያ ቁጥብ አማርኛዋ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «ቲቸር፣ ዘንድሮ አንደኛ ከወጣች ትማራለች። ካልወጣች እናቷ ትወስዳታለች። ሱቁ ሰው ይፈልጋል። እኔ አቅም የለኝም፣ ዋላሂ።» እኔም ደረቴን ነፍቼ «አይዞሽ፣ ይቺን ልጅ እኔ አለሁላት» አልኳት። አለሁላት! አሁን ይቺን ቃል ሳስታውስ ፊቴ ይቃጠላል።

ዝምተኛ ነበረች። አማርኛን ከኛ ክፍል ውጪ የምትናገርበት ቦታ ያላት አይመስለኝም፤ ቢሆንም ቀድሞ የሚገባት እሷ ናት። ቁጥር ላይ ግን ጉድ ነበረች። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ ከንፈሯን በሶማልኛ እያንቀሳቀሰች ትደምራለች፤ ካልኩሌተር አውጥቼ ሳጣራ አንድ ቀን እንኳ ስታ አላገኘኋትም። እኔ ደግሞ ቁጥር ስደምር ያዛጋኛል። ስለዚህ ሮስተሩን ውጤት ውጤቱን እኔ ሞላሁና ድምሩን ለሷ ሰጠኋት። ጎበዝ ተማሪ ማስደመር በመምህራን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ችግሩ ግን የራሷም ውጤት እዚያው ወረቀት ላይ መኖሩ ነበር።

ይሄንን የነገረኝ የሂሳቡ መምህር ነው። እንደኔው ከሌላ ክልል የመጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣን ቀስ ብሎ «እህቴ፣ ተማሪ የራሷ ውጤት ያለበትን ሮስተር ባትደምር ጥሩ ነው። ለሷም ከባድ ነው። ከፈለግሽ እኔ ልይልሽ» አለኝ።

ለምን ዝም እንዳላልኩ እንጃ። ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል! «አንተ መጀመሪያ የራስህን ደምር!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ባለፈው ሴሚስተር ሦስት ጊዜ የተቀደደው ሮስተር የማን ነበር? የሂሳብ አስተማሪ ሆነህ ቁጥር ካስቸገረህ፣ ና እኔ የአማርኛዋ ላስጠናህ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ፈገግ አለና ሻዩ ላይ አቀረቀረ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም።

ይሄ ብቻ አይደለም። የዓመቱን ክንውን ስጽፍም አልለቀቅኩትም። የስፖርቱን ቀን ጻፍኩ፣ ልጆቹ የተከሏቸውን ችግኞች ጻፍኩ፣ አዲሱን የውሃ ሮቶ ጻፍኩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «የሰባተኛ ክፍል ሮስተር አንድም ስህተት ሳይገኝበት ከሁሉም ቀድሞ ተጠናቋል።» ይቺ ለእሱ የተላከች መርፌ ነበረች። ዳይሬክተሩ አነበበና «ማሻአላህ» ብሎ ፈረመበት።

ሮስተሩ ተፈረመ፣ ካርዶቹ ማኅተም ተመታባቸው። አንደኛ የወጣው የአንድ ነጋዴ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ነው፣ አልወቅሰውም። የድንኳኑንና የወንበሩን ወጪ የቻሉት አባቱ ናቸው፤ ከውጤቱ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ልጅቱን የበለጣት በጠቅላላው ድምር በአራት ነጥብ ነው። ሁለተኛ መሆኗን ሳይ አዘንኩ፣ ከንፈሬን መጠጥኩ፣ አለፍኩ። ድምሩን ሠርታ ስታስረክበኝ ምንም አላለችም። ሁልጊዜም ምንም አትልም።

የወላጆች ቀን ጠዋት የሀገር ልብሴን ለብሼ ነጠላዬን የማያይዝበት መርፌ ቁልፍ ፈለግሁ። ያቺን የዘወትር ቦርሳዬን አራገፍኩ። ጃንጥላ የምከትበትን የጎን ኪስ ስከፍት አንድ ለአራት የታጠፈ ወረቀት እጄ ገባ። ዘረጋሁት። የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

ወዲያው ትዝ አለኝ። ግንቦት ላይ እናቷ ታመው ቶጎጫሌ አራት ቀን ቆይታ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ከአሥር የሚያዝ የአማርኛ ፈተና አምልጧታል። ስትመለስ በምሳ ሰዓት ለብቻዋ መምህራን ክፍል አስቀምጬ ፈተንኳት። ጨርሳ ስትሰጠኝ ሮቶው ጋ ልጆች ተደባደቡ ተብዬ ተጠራሁ፤ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ወሽቄ ሮጥኩ። በቃ። እዚያው ቀረ። አላረምኩትም፣ አልመዘገብኩትም። ሮስተሩ ላይ ያለው የአማርኛ ውጤቷ ያለዚህ ፈተና የተሞላ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። እዚህ ላይ ነው ያፈርኩበት ነገር የሚጀምረው። ከአራት በላይ ካገኘች አንደኛዋ እሷ ነች። እኔም ከአራት በታች እንድታመጣ እየተመኘሁ ማረም ጀመርኩ። ስንት ዓመት ሳስተምር ተማሪዬ ብትወድቅልኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥያቄው «ስለምትወዱት ቦታ አንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚል ነበር። የጻፈችው ስለ እናቷ ሱቅ ነው። ስህተት ፍለጋ ሁለቴ አነበብኩት፣ ሦስቴ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ «እናቴ ስትታመም ሱቃችን ዝም ይላል። የከባድ መኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል» ይላል። ሱቅ ዝም አይልም ብዬ አንድ ነጥብ ቀነስኩ። ከዚያ ሌላ የሚቀነስ አላገኘሁም። ከአሥር ዘጠኝ።

«ባጃጁ መጥቷል!» አለ ባለቤቴ ከደጅ። ወረቀቱን አጥፌ ነበረበት ኪስ መልሼ ከተትኩት።

መንገዱን ሙሉ ለዳይሬክተሩ የምለውን አዘጋጀሁ። «ይቅርታ፣ አንድ ወረቀት ዘንግቼ ነበር» ማለት ነው፤ ሌላ ምን አለው? ደርሼ ፊቱ ቆምኩ። እሱ ስልክ ይዞ እንግዶቹን ይቀበላል፣ ማይኩን ያስሞክራል፣ የጅግጅጋ ንፋስ ድንኳኑን ሊነቅለው ይታገላል። «ክንውኑን ይዘሻል?» አለኝ። «ይዣለሁ» አልኩ። «ሀዬ፣ በጣም ጥሩ» ብሎ አለፈ።

የሂሳቡ መምህር ወንበር እየደረደረ አየኝና ጠጋ አለ። «ምነው፣ ፊትሽ ተለዋውጧል? ደህና አይደለሽም?»

በዚያች ቅጽበት ብነግረው ኖሮ! ሮስተሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ከእንግዶቹ በፊት ነገሩን ያስተካክለው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። እሱ በእኔ ላይ የሚስቅ ዓይነት ሰውም አልነበረም። ግን ያን ሁሉ ሰው ያሳቅኩበት ሰው ፊት «ስህተቱ የእኔ ነው» ማለት ሞት መስሎ ታየኝ። «ምንም አልሆንኩም፣ አንተ ወንበርህን ደርድር» አልኩት።

ጊዜው ደረሰና ማይኩን ያዝኩ። ስፖርቱን አነበብኩ፣ ችግኙን አነበብኩ፣ ሮቶውን አነበብኩ። መጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ መዝለል እችል ነበር፤ ማን ያውቅብኛል? አልዘለልኳትም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ያንን ያምራል የሚሉትን ድምፄን ከፍ አድርጌ «አንድም ስህተት ሳይገኝበት» ብዬ አነበብኳት። ሰዉ አጨበጨበ። የሂሳቡ መምህርም ከዳር ቆሞ አጨበጨበልኝ፤ ከልቡ ነበር።

ሽልማቱን ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ነው የምንጠራው። ሁለተኛ ብዬ ስሟን ስጠራ የክፍሏ ልጆች ዞር ዞር ብለው ተያዩ። ልጆች ማን አንደኛ እንደሆነ ከመምህር በፊት ያውቃሉ። አንደኛ ተብሎ የተጠራው ልጅ ራሱ መጀመሪያ ወደ እሷ ነው ያየው። እሷ ግን ተነስታ መጣች፣ መዝገበ ቃላቱንና ደብተሩን ከእንግዳው ተቀበለች፣ እጄን ጨበጠችኝና «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብላ ተመለሰች። አክስቷ ከኋላ ወንበር ብድግ ብላ እልል አለች።

ሰው ሲበተን አክስትየው መጣች። ፊቷ ፈክቷል። «ቲቸር፣ ሁለተኛም ጥሩ ነው አይደል? ሁለተኛም በነፃ ይማራል?»

«አይ» አልኩ። «አንደኛ ብቻ ነው።»

«ሀዬ፣ እሺ» አለች። ከዚያ የልጅቱን ካርድ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተሰናበተችኝ። ወረቀቱ በዚያች ደቂቃ ክንዴ ላይ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ክረምቱን በሙሉ ነገ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ ስል ከረምኩ። መስከረም ላይ የስምንተኛ ክፍልን ስም ስጠራ የሷ ስም ዝርዝሩ ላይ የለም። ለዳይሬክተሩ «የት ሄደች?» አልኩት፣ እንደማያውቅ ሰው። «ቶጎጫሌ እናቷ ጋ» አለኝ። ከዚያ በኋላ መናገሩ ምን ያደርግላታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን ስንት ብልሃት አለው መሰላችሁ! ለሂሳቡ መምህር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የማይገባ ትሕትና አበዛለታለሁ፤ ሻይ እቀዳለታለሁ፣ ወንበር እለቅለታለሁ። ምን እንደነካኝ ግራ እንደገባው ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ማለትም ባለፈው ወር፣ መጋረጃ ልገዛ ቶጎጫሌ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ በከባድ መኪናዎቹ መካከል እየተሹለከለክሁ ስሄድ ከአንዱ ሱቅ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እሷ ነች። ቁመቷ በልጦኛል። እጄን ይዛ ጎትታ አስገባችኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ በወተት አስመጣችልኝ። እናቷ ጥግ ላይ ባለ ፍራሽ ተጋድመው ነበር፤ ልጅቱ በሶማልኛ ማንነቴን ስትነግራቸው ቀና ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ረጅም ምርቃት አወረዱልኝ። ቃሉ ባይገባኝም አሜን አሜን አልኩ። ስምንተኛን እዚያው ተምራ እንዳቆመች ነገረችኝ። እናቷ ከዚያ ወዲህ ቆመው መሸጥ አልቻሉም።

መጋረጃውን እያጣጠፈች «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አትቆጪም?» አለችኝ።

«ምን ያስቆጣኛል፣ ጠይቂኝ።»

«ያቺ በምሳ ሰዓት ለብቻዬ የፈተንሽኝ ፈተና፣ ከአሥር የምትያዘው። ስንት አግኝቼ ነበር?»

«እንዴት አስታወስሻት?» አልኩ።

«ሮስተሩን ስደምር አማርኛዬ ጎድሎ ነበር። ያቺ ፈተና አልገባችም። አርፍጄ ስለተፈተንኩ ሰርዘሽብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ? ለምን?»

ጥያቄዬ የገረማት መሰለኝ። «እንዴ ቲቸር! አምነሽ ነው እኮ ደምሪ ያልሽኝ። የራሴን ጨምሪልኝ ልበል?»

የጎደለ ውጤቷን እያወቀች፣ በገዛ እጇ፣ አንድ ነጥብ ሳታዛንፍ ደምራ ሁለተኛነቷን ያስረከበችኝ ልጅ ፊት ተቀምጬ ሻይዋን እጠጣለሁ።

«ዘጠኝ» አልኩ።

«ዘጠኝ! ከአሥር?» ፊቷ በራ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሄደ፣ ከንፈሯ እንደ ድሮው በሶማልኛ መንቀሳቀስ ጀመረ። አወቅሁት። አራት ዓመት ሙሉ አንደኛ የወጣውን ልጅም የራሷንም ድምር አልረሳችም። ከንፈሯ ቆመ። መጋረጃውን አስቀመጠችው።

«አንደኛ ነበርኩ» አለች።

አዎ ስል ራሴን ነቀነቅሁ።

«መቼ ነው ያወቅሽው ቲቸር?»

መልሱ ሦስት ቃል ነበር፦ የዚያኑ ዕለት ጠዋት። ከቦርሳው አውጥቼ፣ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ ወደ ድንኳኑ ከመሄዴ በፊት። በአራት ዓመት ውስጥ እውነቱን እንድናገር ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ነች። እኔም ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ክረምት ላይ ነው፣ ዕቃ ሳስተካክል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ» አልኳት።

እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። «አይዞሽ ቲቸር፣ አትዘኚ። አላህ ያለው ነው። ሰው ይረሳል፣ ምን ታደርጊያለሽ? ረስተሽ እንጂ አውቀሽ አላደረግሽው።» ከመደርደሪያው አንዲት አረንጓዴ ሻርፕ አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ፤ አልቀበልም ብል አልሰማ አለችኝ። ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ፣ ረዳቱን «አስተማሪዬ ነች፣ ከፊት አስቀምጣት» ብላ አዘዘችው።

እኔ እንግዲህ ይቅርታ ተደርጎልኛል፤ ግን ለረሳሁት ነው። አውቄ ላደረግሁት አልጠየቅሁም፣ እሷም እንደሚጠየቅ አታውቅም።

ወረቀቷ አሁንም እኔ ጋ አለ። አንድ ለአራት እንደታጠፈ ከሻርፑ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ቶጎጫሌ ሄጄ እሰጣታለሁ፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው ያገኘሁት እላታለሁ፣ ትቆጣ፣ ትትፋብኝ፣ ሻርፕዋን ትቀበለኝ አልኩ። ባለቤቴንም ቅዳሜ ቶጎጫሌ ጉዳይ አለኝ አልኩት። ይሄን ካልኩ አራት ቅዳሜ አለፈ።